ከናስ ሥር የነበረው ሞረድ

የሰጠኋቸውን ብረት በሞረድ ሁለት ጊዜ ከሞከሩት በኋላ ቀና ብለው «አሮጌውስ የት አለ?» ሲሉ የጠየቁኝ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ሽማግሌ ናቸው። «ጣልሁት» አልኋቸው። ጥያቄውም መልሱም ከዚህ በላይ አልረዘመም። ይሁን እንጂ ስምንት ወር ካለፈ በኋላ እንኳ፣ ማታ ማታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር ጥያቄው እንደ አዲስ ይመለስብኛል፤ የጣልሁት ነገር ምን እንደነበረ ያወቅሁት ከጣልሁት በኋላ ነውና።

ጠመንጃው የቅድመ አያቴ ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ ገብቶ በዘንግ እየተጠቀጠቀ የሚጎርስ፣ በድንጋይና በብረት ግጭት የሚተኮስ፣ የድሮ ሰዎች «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ የሚቀልዱበት ዓይነት ነው፤ አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ጠላት በትዕግሥት ቆሞ መጠበቅ ነበረበትና። ወደ ጅማ እንዴት እንደመጣ በቤታችን ሁለት ታሪክ ይነገራል። አባቴ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው ይል ነበር፤ አያቴ ግን በሁለት በቅሎ የተለወጠ ነው ትል ነበር። ነፍጥ የሚለው ቃል ዛሬ በእኛ አካባቢ ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢ ስለሚያውቅ ወደዚያ አልገባም። እኔ በልጅነቴ የማውቀው፣ በዓል ሲቃረብ በቅባት ጨርቅ የሚወለወል፣ እሳቱ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳው ከጥንት ጀምሮ በእርሳስ የተደፈነ፣ ከቤት ዕቃ የማይለይ አሮጌ ብረት መሆኑን ብቻ ነው።

ያስጠላኝ ልጣፍ

አባቴ ካረፈ በኋላ ጠመንጃው ወደ እኔ መጣ። አንድ የክረምት ቅዳሜ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ አውርጄ ፈታሁት። እንጨቱ ደኅና ነው። በውስጥ ያለው ሞላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ተጨምቆ ኖሮ፣ አሁንም ጣት ለመቁረጥ የሚበቃ ኃይል አለው። ዓይኔን የያዘው ግን ድንጋዩን የነከሰው መዶሻ ወደፊት ሲወረወር የሚያርፍበት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ጉልበት የታጠፈ ብረት ነበር። አንደኛው ወገኑ ማቀጣጠያው ባሩድ የሚቀመጥባትን ትንሽ ጎድጓዳ ይከድናል፤ ሌላኛው ወገኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ የድንጋዩን ምት በግንባሩ ይቀበላል። ሲመታ ወደፊት ይገለበጣል፣ ክዳኑ ይነሣል፣ ፍንጣሪውም ባሩዱ ላይ ይወርዳል። በዚህ ጽሑፍ «ተመቺው ብረት» እለዋለሁ።

በተመቺው ብረት ግንባር ላይ ሌላ ስስ ብረት ተለጥፎበት ነበር። በዙሪያው ቢጫ ናስ ፈስሶ ደርቋል፤ ጠርዙ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጥግ ከሌላው ወፈር ይላል። የተቀረው የጠመንጃው ብረት ሁሉ ለስላሳና ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ ይህ ልጣፍ፣ በአዲስ ሸማ ላይ በጥቁር ክር እንደተጣፈ እራፊ ታየኝ። የሆነ ሰው፣ የሆነ ጊዜ፣ እንደ ነገሩ ለጥፎት አለፈ አልሁ። «ወደ ቀድሞው መልኩ» ልመልሰው አሰብሁ። ቀድሞ የሚባለው የትኛው ቀን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በወጣበት ዘመን፣ አሮጌም ቢሆን ጠመንጃ ተሸክሞ በባጃጅ ከተማ ማቋረጥ ነገር መፈለግ ነው። ስለዚህ ተመቺውን ብረት ብቻ ፈትቼ በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ አንድ ብየዳ ቤት ወሰድሁት። ወጣቱ በያጅ በጋዝ ሲያግለው ናሱ ቀለጠ፣ ልጣፉም ተላቅቆ መሬት ላይ ወደቀ። በጉጠት አንሥቼ ሳገላብጠው በጀርባው ላይ እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ደቃቅ መስመሮች አየሁ። ጌጥ መሰለኝና በስልኬ ፎቶ አነሣሁት፤ መልሼም ወለሉ ላይ ጣልሁት። የቀረው አካል በሞርሳ ሲጨመቅ በብሎን የሚታሰርበት ጆሮው ተሰበረ። በያጁ «ችግር የለም፣ አዲስ እሠራልሃለሁ» አለኝና ከባለ 16 ፌሮ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በግራይንደር አስተካክሎ መስታወት የመሰለ ተመቺ ብረት ሰጠኝ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምር ነበር፤ በያጁን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ያዘዝሁትን ነው የሠራልኝ።

ቤት ወስጄ ገጠምሁትና ምላጩን ሳብሁ። ድንጋዩ መታ፣ ብረቱ ተገለበጠ፤ እሳት ግን የለም። ጥፋቱን በድንጋዩ ላይ ጣልሁ። በዝዋይ መንገድ የሚገኘውን ጥቁሩን ባልጩት አስመጣሁ፤ እርሱ ጠርሙስ ነውና በሦስተኛው ምት ተፈረካከሰ። ጠንካራ ቡናማ ድንጋይ ፈልጌ አስነከስሁት፤ የሚያምረውን የብረት ግንባር ቦጫጨረው እንጂ አንድ ፍንጣሪ አልወጣም።

«ይኼ እንጨት ነው»

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠሩ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረኝ የባጃጅ ሾፌር ነው። ቤታቸው ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ከደጅ ሲገቡበት ለጊዜው ዓይን የሚያሳውር ነበር። የልጅ ልጃቸው ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ በየተራ እያነሣ ይጥላል። «አሹ አባባ፣ ሥራ ላይ ደረስሁ» ብዬ በሩ ላይ ቆምሁ። «ግባ ኢልማ ኮ» (ግባ ልጄ) አሉኝና በእግራቸው ዱካ ገፋ አደረጉልኝ።

ከፌሮ የተሠራውን ብረት ተቀበሉኝ። አላመሰገኑትም፣ አልነቀፉትምም። ከጎናቸው ሞረድ አንሥተው ጠርዙን ላግ አደረጉት፤ ሞረዱ ያለ ድምፅ ገባ። ግንባሩን ደገሙት፤ አሁንም ሞረዱ ዝም ብሎ ብረቱን በላው። «ይኼ እንጨት ነው» አሉኝ። ከዚያ የራሳቸውን መሮ አንሥተው ስለቱ ላይ ያንኑ ሞረድ ሲያሳልፉት ሞረዱ እየጮኸ ተንሸራተተ፤ አንድ ቅንጣትም አልነካም። «ይኼ ደግሞ ብረት ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እሳቱ የድንጋዩ ይመስለኝ ነበር። ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ብልጭ ሲል ያየ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ያስባል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ድንጋዩ ቢላዋ ነው፤ ከብረቱ ግንባር ላይ ደቃቅ ቅርፊት ይልጣል፤ ቅርፊቷ በመላጧ ብቻ ትግላለች፤ አየር ሲያገኛትም ትነድዳለች። የሚነድደው ብረቱ ነው። ታዲያ ለዚህ የሚሆነው በውስጡ በቂ ካርቦን ያለውና ግሎ በድንገት በመቀዝቀዙ የጠነከረ ብረት ብቻ ነው። የቤት መሠረት የሚታሰርበት ፌሮ ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ የቱንም ያህል ቢያግሉትና ውኃ ቢያጠልቁት ለዚህ አይበቃም፤ ድንጋይ ሲያገኘው ይተኛል እንጂ አይላጥም።

«አሮጌውስ የት አለ?» ያሉኝ ይህን ጊዜ ነው።

«ጣልሁት» ካልኋቸው በኋላ ፎቶው ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸው እስኪዘረጋ አራቁት፤ አልታይ ቢላቸው በሩ ድረስ ወጡ። የልጅ ልጃቸው ወናፉን ትቶ መጥቶ በሁለት ጣቱ ሥዕሉን አሰፋላቸው። ዝም ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እኔ ጌጥ ያልኋቸው የሚቋረጡ ደቃቅ መስመሮች የሞረድ ጥርሶች ነበሩ። ያ አስጠሊ ልጣፍ፣ አርጅቶ መሞረድ ያቃተው ሞረድ ተቆርጦ፣ በእሳት ሳስቶ፣ በናስ የተጣበቀ ነበር። በግንባሩ በኩል ጥርሱ ተስተካክሎ ጠፍቷል፤ በጀርባው በኩል ግን የሚያየው ስለሌለ አልተነካም፤ እንዲያውም ናሱ ጥርሶቹን ነክሶ እንዲይዝ ይመስላል ሆን ተብሎ የተተወው።

«የኛ ሰው ሥራ ነው» አሉ። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጠየቅኋቸውም፤ እርሳቸው ግን ቀጠሉ። አባታቸው ያለቀ ማጭድ እንዲሁ ያድሱ ነበር፤ ለጫማ ሶል እንደሚመታለት ማለት ነው። ተመቺው ብረት ሁሉ ከሞረድ ቢሠራ ምት ሲበዛበት እንደ ሸክላ ሊሰበር ይችላል። ሁሉም ለስላሳ ቢሆን ደግሞ፣ እኔ እንዳሠራሁት፣ እሳት አይሰጥም። ለስላሳው አካል ምቱን ይሸከማል፣ ጠንካራው ግንባር ይላጣል። ናሱም የተመረጠው በምክንያት ነው፤ የሚቀልጠው ሞረዱ ለመጠንከር ከሚፈልገው ግለት በላይ ስለሆነ፣ ከተጣበቀ በኋላ እንደገና ቢግልና ቢጠልቅ ልጣፉ አይለቅቅም። ስሙን የማናውቀው ያ ሰው ይህን ሁሉ አስቦ ሠርቶት፣ እኔ ጠርዙ እኩል አይደለም ብዬ አስነቀልሁት።

ጨለማው ቤት

ሽማግሌው ያንኑ የፌሮ ሥራዬን አካል አደረጉት። «እንጨትም ሥራ አለው» ብለው ቀለዱብኝ። ከጥግ ካለ ጣሳ ያለቀ ሞረድ አወጡ፤ የሚጥሉት ሞረድ የላቸውም። እሳት ውስጥ አቆይተው በአመድ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተዉት፤ ይህም ለሥራ እንዲለሰልስ ነው። እኔ በማግሥቱ እንድመለስ ታዘዝሁ።

በማግሥቱ ሞረዱ ግሎ መስፉ ላይ ተቀጠቀጠ፤ በመሮ ተቆረጠ፤ በፌሮው ግንባር ልክ ሆነ። በመካከላቸው ከአሮጌ የውኃ ቧንቧ የተላገ ናስና ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቦራክስ ተነሰነሰ። በሽቦ ታሰረ፣ በጭቃ ተለበጠ፣ ወደ ከሰሉም ገባ። ከጭቃው ስንጥቅ አረንጓዴ የቀላቀለ ነበልባል ብቅ ሲል ሽማግሌው ከጭሱ ፊታቸውን መለስ አድርገው በጉጠት አወጡት። ጭቃው ሲሰበር ያ የጠላሁት ቢጫ መስመር በዙሪያው ፈስሶ ታየ። አሁን ደግሞ ወደድሁት፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

አሁን የሚቀረው ማጠንከር ነው፤ ያበላሸሁትም ይህን ነው። ቤቱ ለምን መስኮት እንደሌለው የገባኝ በዚሁ ሰዓት ነበር። የብረት ግለት የሚነበበው በቀለሙ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ቢጫ የሆነው ቀይ፣ ቀይ የሆነው ጥቁር ይመስላል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ለማጠንከር የሚፈለገው ግለት ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። እርሳቸው ማግኔት የላቸውም፤ ጨለማ አላቸው። የበሰለ የቡና ፍሬ እስኪመስል ድረስ እየጠበቁ ሳለ እኔ «አባባ፣ ይኼ ሥራ ስንት ዓመት ሆነዎት?» ብዬ ጠየቅሁ። ሊመልሱልኝ ዞር አሉ። ልጁ ወናፉን አላቆመም። ሲመለሱ ብረቱ ከቡና ፍሬ አልፎ ወደ ብርቱካን ሄዷል። ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ አጠለቁት፤ ከውኃው ውስጥም ጥፍር ሲሰበር የመሰለ ደቃቅ ድምፅ ሰማን። ግንባሩ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ከጥግ እስከ ጥግ ወርዶበታል።

አልተቆጡኝም። ሻይ እንዲመጣ ላኩ። «ብረት እንደጋለ ይቀጠቀጣል ይላሉ» አሉ፣ «ግን ከመጠን በላይ ከጋለስ? እሱን ማንም አይናገርም።» እኔ ደግሞ በልቤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን አሰብሁ፤ ምንም እንኳ በዚህ ጊዜ የለቀሙት እርሳቸው ቢሆኑም። ልጣፉ ተነቀለ፤ ከሞረዱ የቀረው ቁራጭ እንደገና ተሠራ፤ ሥራውም ሌላ ግማሽ ቀን ፈጀ።

በሁለተኛው ጊዜ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥሁ። ቀለሙ እንደደረሰ አወጡት፤ አሁን ያጠለቁት በውኃ ሳይሆን በተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ነው፤ ዘይት ግለቱን ከውኃ ይልቅ በዝግታ ስለሚወስድ ስስ ብረት አይሰነጠቅበትም። ከዚያ ግንባሩን በአሸዋ አጽድተው፣ ከታች የጋለ ብረት አስጠግተው ቀለሙ ሲለወጥ አሳዩኝ። በመጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ የርግብ አንገት፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። የገለባው ቢጫ ግንባሩን ሲሸፍን አነሡት፤ እግሩ ግን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ከ220 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ያለ ግለት ቢጫውን፣ 300 አካባቢ ደግሞ ሰማያዊውን እንደሚሰጥ በኋላ አንብቤአለሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ቁጥር የጠራ ሰው አልነበረም።

ቡናማውን ድንጋይ በእጃቸው ይዘው በግንባሩ ላይ አንድ ጊዜ ወደታች ሳቡት። በዚያ ጨለማ ውስጥ አራት አምስት ነጭ ፍንጣሪዎች እየተጠማዘዙ ወረዱ፤ አንዷ መሬት ደርሳ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ቀይ ሆና ቆየች። ልጁ ሳቀ። እኔ ምንም አላልሁም።

የማን እጅ

ከዚያ ቡና ተፈላ። ይህን የምጽፈው ሳልወድ ነው፤ ስኒው ሲሰጠኝ ለአንድ አፍታ እጄ ዘገየ። አያቴ በልጅነቴ «ከቀጥቃጭ ቤት እህል ውኃ እንዳትቀምስ» ትለኝ ነበር፤ ምክንያቱን ብጠይቃት ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። በዕድሜዬና በትምህርቴ ያንን ንግግር ከጭንቅላቴ ካስወጣሁት ቆይቻለሁ ብዬ አምን ነበር፤ ከእጄ ግን አላወጣሁትም ነበር። ስኒውን ተቀብዬ ጠጣሁ። ሽማግሌው ማየት አለማየታቸውን አላወቅሁም። የሚያዩ ይመስለኛል፤ ቀለም ማንበብ ሥራቸው ነው።

አፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሌላውንም ባለሙያ በየሥራው ስም እያወጡ መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ዛሬም በሕይወት አለ። ስለ ጋፋትና ስለ ሴባስቶፖል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም፤ መድፉም ሐውልት ቆሞለታል። ነገር ግን በየአውራጃው የነበረውን ጠመንጃ ሁሉ እሳት እንዲሰጥ ያደረገው፣ የተሰበረ ሞላ የለወጠ፣ ምላጭ የቀጠቀጠ፣ ያለቀ ግንባር በሞረድ ያደሰ የመንደር ቀጥቃጭ የት ነው ያለው? በእኛ ቤት የጠመንጃውን ባለቤቶች እስከ አራተኛ ትውልድ እንቆጥራለን፤ የተለወጠበትን በቅሎ ቀለም ሳይቀር እናውቃለን። የጠገነውን ሰው ግን ማንም አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም።

ጥገና ማለት ውርደት የመሰለኝም ከዚያው ቤት ባገኘሁት ዓይን ሳይሆን አይቀርም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተኮሱበት ሰናድር፣ በጊዜው እጅግ ዘመናዊ የተባለው፣ እርሱ ራሱ ጥገና ነበር፤ እንደ እኔ ጠመንጃ ከአፈሙዙ ይጎርስ የነበረው የ1853 እ.ኤ.አ. ኤንፊልድ ጀርባው ተቆርጦ ከኋላ እንዲጎርስ መዝጊያ የተገጠመለት ነው። የእነርሱን ጥገና በሠሪው በስናይደር ስም እንጠራዋለን። የእኛን ግን በግራይንደር እናጠፋዋለን። ወደ ከተማችን የመጣ እንግዳም የጅማን ወንበር ሳያደንቅ፣ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ሳይገዛ አይሄድም፤ ያንን እንጨት የፈለፈለውን መሮ ማን እንደቀጠቀጠው ሲጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔም ብሆን እዚሁ ተወልጄ እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ አልጠየቅሁም።

ሒሳብ ስንጨርስ ሽማግሌውን በብረቱ ጀርባ ላይ ምልክታቸውን እንዲያደርጉልኝ ለመንኋቸው። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው አልፈለጉም። «ሠሪው ሲፈታው ያውቀዋል» አሉኝ። ከዚያ ይልቅ ሌላ ነገር ጠየቁኝ፤ አሮጌውን ልጣፍ ካገኘሁት እንዳመጣላቸው። ሞረዱን በዚያ ልክ አሳስቶ ጥርሱን እንዴት እንዳላጠፋው በእጃቸው ይዘው ማየት ፈልገዋል።

በዚያው ቀን ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድሁ። በያጁ ጥራጊውን በየሳምንቱ ለቁራሌ እንደሚሸጥ ነገረኝ፤ የሸጠለትንም ልጅ አሳየኝ። ልጁ በአዌቱ ወንዝ አጠገብ ወዳለ የውድቅዳቂ ብረት ማከማቻ ወሰደኝ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ክምሩ ከቁመቴ በላይ ነው፤ ዝናብ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀለም ቀብቶታል፤ የምፈልገው ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። የግቢው ጠባቂ በሁለተኛው ቀን ወርቅ የጠፋብኝ መስሎት ሊያግዘኝ ተነሣ። ሞረድ ነው የምፈልገው ስለው ወደ ጥበቃ ቤቱ ገብቶ አንድ ደኅና ሞረድ አምጥቶ ሰጠኝ።